አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ላሰባችሁ፦ እኛ የደረሰብን

ይህን የምጽፈው በየገጠሩ «ቤተ ክርስቲያናችን አርጅቷል፣ እናድሰው» ብላችሁ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኛም ልክ እንደዚያ ብለን ነው የጀመርነው። ልባችን ንጹሕ ነበር። ግን የስንት ትውልድ ክረምት ያለፈበትን ቤት ባለማወቅ በሁለት ክረምት ልናፈርሰው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቆሟል። እናንተ ግን እኛ በሄድንበት መንገድ እንዳትሄዱ ብዬ ነው።

ደብራችን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ክብ ቤት ነው። እንደ ወጉ ሦስት ክፍል አለው፦ ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው በጭቃው ላይ የተለጠፈው። ልጅ ሆኜ እናቴ ነጠላ ሥር ተቀምጬ የማየው የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ ነበር። ፈረሱ በአንድ ዓይኑ እኔን የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ያ ፈረስ በኋላ ምን እንደደረሰበት እነግራችኋለሁ።

ጣሪያው ድሮ ሣር ክዳን ነበር። በደርግ ጊዜ ነው ወደ ቆርቆሮ የተቀየረው። ያኔ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ሣር በየጊዜው መቀየር አድካሚ ነው፣ ሣሩም እየጠፋ ነበር። ችግሩን ያየነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሣር ክዳን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ጠፈጠፉም ራቅ ብሎ ይወድቃል። ቆርቆሮው ግን እንዲቆጥብ ተብሎ አጥሮ ነው የተመታው። ስለዚህ በየክረምቱ ውሃው ግድግዳው እግር ሥር ይወርድ ነበር፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ፊቱን ይደበድበዋል። ይህ ሁሉ ዓመት ሲደርስበት ማንም ልብ አላለውም።

በ2007 ዓ.ም. ቄሰ ገበዙ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው «ልጆቼ፣ ቅድስት ውስጥ ውሃ እየገባ ነው፣ ሥዕሉም እየተላጠ ነው» አሉን። ወዲያው ኮሚቴ አቋቋምን። እኔ ገንዘብ አሰባሳቢ ሆንኩ። የአገራችን ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን እጁ አያጥርም። ገበሬው ከጤፉ ሰጠ። አዲስ አበባ ያለነው በየወሩ አዋጣን። አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከደመወዛቸው ላኩ፣ ዋሽንግተን ያሉትም እዚያው ተሰብስበው ላኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያላሰብነው ብር እጃችን ገባ።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ቸኮልን። ሰጪው «ምን ተሠራ?» ይላል፣ ፎቶ ይፈልጋል፣ እኛም ቶሎ የሚታይ ነገር ማሳየት ፈለግን። ከመካከላችን «ግን ግድግዳው ለምንድን ነው የሚረጥበው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁላችንም መድኃኒቱን ስናውጠነጥን በሽታውን ማንም አልመረመረም።

ከከተማ አንድ ሥራ ተቋራጭ አመጣን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የሚያውቀው የከተማ ቤት መሥራት ስለሆነ የሚያውቀውን ነው የሠራው። «ይሄ ጭቃ ነው፣ ምን ዋጋ አለው፣ በሲሚንቶ እንለስነውና መቶ ዓመት ይቆይ» አለን። ተስማማን። በ2008 በጋ የውጪውን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ ለሰነው፣ ከላዩም ዘይት ቀለም ቀባን። ግቢውንም ዙሪያውን አፈር ደልድለን ከፍ አደረግነው፣ ሰው በጭቃ እንዳይረግጥ ብለን። ለፋሲካ እንዴት እንዳማረ ብታዩ! ሰው እልል አለ። ፎቶውን ለሁሉም ላክን። እኔ ራሴ ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ከውስጥ በኩል ማላብ ጀመረ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጣበት። ሥዕሉ ያለበት ጨርቅ እዚህም እዚያም እንደ ፊኛ ተነፋ። ቀስ ብለን ስንነካው ከጀርባው ያለው ጭቃ ረግፎ ታች ተጠራቅሟል፤ ጨርቁ የእህል ከረጢት መስሎ ተንጠልጥሏል። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲደርቅ ይተዋል» ተባልን። በጋ ላይ ትንሽ ደረቀ፣ እኛም አመንን።

በ2009 ነሐሴ፣ ፍልሰታ ላይ፣ ሌሊት የሰሜን ምዕራቡ የቅኔ ማኅሌት ግድግዳ ተደረመሰ። ካህናቱ ለሰዓታት ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ነው። ሰው አልተጎዳም። ስልኬ በሌሊት ሲጮህ ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ፍርስራሹ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። በወጣትነታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ የመንደሩን ግማሽ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፣ እኛ ግን ኮሚቴ ስናቋቁም አንድ ቀን አልጠየቅናቸውም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ግድግዳው ውስጥ ከተቱና አፈር ጨብጠው አወጡ። መዳፋቸውን ሲጨብጡት በጣቶቻቸው መካከል ሊጥ ሆኖ ወጣ። ከዚያ የወደቀውን የሲሚንቶ ልስን አነሡ። እንደ ጣውላ አንድ ላይ የተላቀቀ ነው፣ ጀርባው ላይ የግድግዳው ጭቃ ተጣብቆበታል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጭቃ ይጠጣል፣ ይተፋል። እናንተ አፉን ደፈናችሁበት።»

አባባ ያሉት ነገር ትክክል መሆኑን በኋላ ባለሙያዎችም ነገሩን። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በጭቃው በኩል ወደ ውጪ እየተነፈሰ ነበር የሚኖረው። ሲሚንቶና ዘይት ቀለም ሲለበስበት መውጫ አጣ። ውስጥ ውስጡን ተጠራቀመ፣ ወደ ሥዕሉ ዞረ፣ በመጨረሻ ግድግዳውን አቀለጠው። የደለደልነው አፈር ደግሞ ውሃውን ወደ ግድግዳው እንዲያዘነብል አድርጎታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው ኋላ ሲሚንቶው እየተነሣ ወደ ኖራ ተመልሷል። ላሊበላም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ውሃ እንዳይገባ ተብሎ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ካደረጓቸው ሥራዎች አንዱ ያንኑ ሬንጅ መላጥ ነበር። ሁሉም በቅን ልብ የተደረገ ነው። እባካችሁ፣ የጭቃ ወይም የድንጋይ አሮጌ ግድግዳ ካላችሁ ሲሚንቶ አታስጠጉት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ከድርመሳው በኋላ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ባለሀብት የአገራችን ልጅ «ይሄ ጉድ ይፍረስ፣ በብሎኬትና በብረት አዲስ ካቴድራል እኔ አሠራለሁ» አለ። ብዙው ሰው ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ወደዚያው አጋድሎ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ያፈረስነውም እኛው ነን የሚለው ጸጸት ነበረብኝ። አዲስ ቢሠራ ጥፋታችን የሚሸፈን መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ አንዲት እማሆይ ተነሡ። ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም፣ ሰው ሁሉ ዝም አለ። «የኔ ልጆች፣ አዲሱን ሥሩ፣ ደግ ነው። ግን እኔ የተጠመቅሁበትን፣ እናቴ የተጠመቀችበትን፣ እናቷም የተጠመቀችበትን ቤት ለልጆቼ ሳሳይ የትኛውን ላሳይ?» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ የማፍረሱን ነገር ደፍሮ የሚያነሣ ጠፋ። ባለሀብቱም የማይቆጣ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ገንዘብ የመቃኞውን ቤት አሠራልን። እድሳቱ እስኪያልቅ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ገባ፣ ቅዳሴው አልተቋረጠም። ይህንን አስቀድማችሁ አስቡበት። መቃኞ ከሌለ ካህናቱም ሕዝቡም «ቶሎ ጨርሱ» እያሉ ያስቸኩሏችኋል። እንዳያችሁት እኛን የጎዳን ችኮላ ነው።

ሁለተኛውን ጉዞ ስንጀምር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ገና ያኔ ነው ያወቅነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ነገር ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ነው ይላል። እኛ ያንን ሁሉ ሲሚንቶ ስንለስን ለማንም አልነገርንም። የቤተ ክህነቱ ፈቃድ ይበቃል ብለን ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ትይዛላችሁ፣ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም እያለ ይወጣል። አንድ ቢሮ ላይ ፋይላችን ጠፍቶ እንደገና ጀምረናል። ሁሌ ኮፒ ያዙ፣ የተቀበላችሁን ሰው ፊርማና ቀን አስቀምጡ። ቢያደክምም በዚህ መንገድ ነው ባለሙያ ያገኘነው። አንዲት የሥዕል ጥገና ባለሙያና አንድ የሕንፃ ባለሙያ መጥተው አዩልን። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው አንድ ነበር፦ «ምንም አትንኩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ።»

እያንዳንዷን የግድግዳ ክፍል ቁጥር ሰጥተን በስልክ አነሣን። የወደቀውን የሥዕል ቁራጭ ሁሉ ለቅመን፣ ጥፍር የምታህለውን ሳይቀር፣ ከየትኛው ቁጥር ሥር እንደተገኘ ጽፈን በንጹሕ ካርቶን አስቀመጥን። መቅደሱ ውስጥ ደግሞ ከካህንና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባም፤ ባለሙያዋም አልገባችም፣ ወጉን አክብራለች። ስለዚህ ሁለት ዲያቆናትን አሠለጠነች። ፎቶ አነሣስ፣ ልኬት አወሳሰድ፣ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ እንዴት እንደሚጠረግ አስተማረቻቸው። ከዚያ እነሱ ገብተው እያዩ እሷ ከቅድስት ቆማ ትጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ «እንዴት ይሆናል?» ብለን ተጨንቀንበት ነበር፣ ኋላ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ሆነ። ምክንያቱም ባለሙያዋ ሄደች፣ ዲያቆናቱ ግን እዚያው አሉ።

ከዚያ ውሃው። ሙሉ አንድ በጋ ሌላ ምንም ሳንሠራ ውሃ ብቻ ነው ያባረርነው። የደለደልነውን አፈር መልሰን ቆፍረን አወጣን። ከግድግዳው ራቅ አድርገን ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን፣ በድንጋይ ደለደልነው፣ ወደ ቁልቁለቱ አስተነፈስነው። አንድ ገበሬ ሲቆፍር ቀና ብሎ «እኛ ለማሳችን ፈሰስ እናወጣለን፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ግን ሳናወጣለት ኖርን» አለ። እውነቱን ነው። ጎጃም ውስጥ ፈሰስ የማያወጣ ገበሬ የለም፤ እውቀቱ ከእጃችን ነበር። የቆርቆሮውንም አፍ አስረዘምን። ጉልላቱ ሥር ቆርቆሮው የሚገናኝበትን ቦታ ከፈትነው፤ ለዓመታት የሚያፈሰው በዚያ በኩል ኖሯል። የቆርቆሮ ክብ ጣሪያ ካላችሁ መጀመሪያ ጉልላቱን ሥር እዩ።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው፦ መጠበቅ። ባለሙያው «አንድ ሙሉ ክረምት ይለፍበትና ግድግዳው የት እንደሚረጥብ እንየው» አለን። ሰጪዎች ተቆጡ። «ብራችን ምን ገባ?» የሚል ስልክ በየቀኑ ይደወልልኝ ነበር። እኔም ከዚያ ጀምሮ በየወሩ አንድ ገጽ መጻፍ ጀመርኩ፤ ምን ገቢ ሆነ፣ ምን ወጣ፣ አሁን ለምን እየጠበቅን ነው። የሚያምር ነገር በሌለበት ወር የቦዩን ፎቶ ላክሁ። ሰው ከተነገረው ይታገሣል። የሚያስቆጣው ዝምታው ነው።

ክረምቱ አልፎ ግድግዳው ደረቀ። ሲሚንቶውን በመሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልን አነሣን፤ በብዙ ቦታ ራሱ ለቆ ጠበቀን። ከዚያ ጭቃው ላይ ደረስን።

ስለ ጭቃው ብዙ ብናገር አትታዘቡኝ። እኔ ከተማ ያደግሁ ያህል ሆኜ ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ይመስለኝ ነበር። አባባ፣ ያ ሽማግሌ ግንበኛ፣ አፈር ፍለጋ ግማሽ ቀን አዞሩን። ከአንዱ ቦታ ያነሡና በምራቃቸው አርጥበው በአውራ ጣታቸው ያሹታል። «ይሄ ይሰነጠቃል።» ሌላ ቦታ። «ይሄ አይይዝም።» በመጨረሻ ከወንዙ በላይ ካለ ጉድባ አንዱን፣ ከጉብታው ደግሞ ሌላውን አስመርጠው አደባለቁ። ጉድጓድ አስቆፈሩ። አፈሩ፣ የጤፍ ጭድ፣ ውሃ። ልጆቹ በእግራቸው ረገጡት። «ይበቃል?» ስንላቸው ሳቁ። «እንጀራ ሳይቦካ ይጋገራል?» ሦስት ሳምንት ከረመ። በየሦስት ቀኑ ጭድ እየተጨመረ፣ እየተረገጠ። ሽታው ሩቅ ድረስ ይሄድ ነበር። ጭዱ ከመበስበሱ የተነሣ ጭቃው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ ምርጊቱ፣ እሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ደግሞ ቀጭኑ ልስን። ምርጊቱ ሲሰነጣጠቅ ደንግጬ ነበር፤ እሳቸው ግን «ልስኑ የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸውና ሌላ አንድ ሰው ብቻ እንደነበሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንን፤ ከዚያ በኋላ የቀን ሠራተኛ ከውጪ አንቀጥርም፣ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሁለት ሁለት ወጣት እናስጠጋለን አልን። አበል ከፈልናቸው። ሥራው ዘገየ፣ ወጪውም ጨመረ። ኮሚቴ ውስጥ ያጨቃጨቀን ነገር ቢኖር ይህ ነው። እኔ ግን ዛሬም ብሆን ይህንኑ አደርጋለሁ። ሌላ ቦታ ከቆጠባችሁ ቆጥቡ፣ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ወጣት ለማስቀመጥ የምታወጡትን ብር ግን አትቁረጡ። አባባ እድሳቱ ባለቀ በዓመቱ አረፉ።

እንጨቱም የራሱ ታሪክ አለው። የቅኔ ማኅሌቱ ቋሚዎች የድሮ ጥድ ናቸው። ከላይ እንደ ብረት የጠነከሩ ናቸው፣ መሬት የነካው እግራቸው ግን በምስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። የመጀመሪያ ሐሳባችን ሁሉንም አውጥተን በባሕር ዛፍ መተካት ነበር። የሕንፃ ባለሙያው ከለከለን። በጃፓን፣ ናራ በሚባል ክፍለ ሀገር ስላለው ሆርዩጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነገረን፤ ከዓለም አሮጌ የእንጨት ሕንፃዎች አንዱ ነው፣ ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ አገር የቋሚ እግር ሲበሰብስ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው በተመሳሳይ እንጨት ይቀጥሉታል፣ አዲስ ባስገቡት እንጨት ላይም የታደሰበትን ዓመት ያትሙበታል። አንድ መሪጌታ ፊታቸው ጠቆር አለ፦ «የባዕድ አምልኮ ቤት ለእኛ ምሳሌ ይሆናል?» አናጢያችን ቋሚውን እየዳሰሰ «የኔታ፣ እንጨቱ ያው እንጨት ነው፣ ምስጡም ያው ምስጥ ነው» አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲህ ቀጥሉት» አሉ።

ቀጠልነው። የበሰበሰውን ቆርጠን፣ አፍ ለአፍ አናክሰን፣ ከሥር መሬት እንዳይነካ የድንጋይ መቀመጫ አደረግንለት። ጥዱን ከየት እናምጣ? የደብሩ ደን አለ፣ ግን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥ ለማንም ይከብዳል፣ ተገቢም ነው። መፍትሔው ከመንደሩ መጣ። አሮጌ ቤታቸውን አፍርሰው የብሎኬት ቤት የሠሩ ሰዎች የድሮ ጥድና ወይራ ቋሚ በየጓሮው ተጥሎ ነበር። አንዳንዱ በነጻ ሰጠን። የደረቀ፣ የጠነከረ፣ ከእንግዲህ የማይጣመም እንጨት። በእያንዳንዱ ላይ አናጢው «2011» ብሎ ቀረጸ፣ ወደ ፊት የሚመጣው ሰው የትኛው የድሮ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ እንዲለይ።

አሁን ወደ ፈረሱ ልመለስ። በ2008፣ ሲሚንቶ በለሰንበት ሰሞን፣ ሥዕሉን ጥቀርሻ ሸፍኖት ስለነበር አንዳንድ ቀና ሰዎች «እናጽዳው» ብለው በኦሞና በጨርቅ አጠቡት። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። የእጣንና የጧፍ ጥላሸት ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። የነጩ ፈረስ የፊት እግሮችና ከዘንዶው ጀርባ ግማሹ ሄደ። ባለሙያዋ ስታየው ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

እሷ የሠራችው ሥራ ለዓይን ብዙ አይታይም። የሚላጠውን ቀለም በቀጭን የጃፓን ወረቀት ለጊዜው ያዘችው። በተነፋው ጨርቅ ጀርባ የተጠራቀመውን ጭቃ በትንሽ ቀዳዳ ቀስ ብላ አወጣች፣ ከዚያ ጨርቁን ወደ ግድግዳው መለሰችው። አንዱን ሜትር ለመጨረስ ቀናት ይፈጃል። የጠፋውን የፈረሱን እግር ግን አልሣለችም። በቦታው ገለልተኛ የሆነ አፈርማ ቀለም ብቻ ሞላችበት። ሰው አልወደደውም። «ቅዱስ ጊዮርጊስ እግር በሌለው ፈረስ ይቀመጣል?» ብለው ቄሰ ገበዙ ተከራከሯት። እሷም «አባቴ፣ እኔ ብሥለው የእኔ ሥዕል ይሆናል። የልጅ ልጆችዎ ግን የቱ የአባቶች፣ የቱ የእኔ እንደሆነ አያውቁም» አለቻቸው። ነገሩ ለሳምንታት ከረመ። በመጨረሻ ሕዝቡ የሚሳለመው አዲስ ሥዕል ሌላ ቦታ በሰሌዳ ተሥሎ እንዲቀመጥ፣ የድሮው ግን እንዳለ እንዲቆይ ተስማማን። እኔ በበኩሌ አሁን ወደዚያ ባዶ ቦታ ሳይ ውስጤ ያዝናል፤ ግን ማየት አለብኝ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሥዕል ያለበት ግድግዳ ካላችሁ፦ ውሃ አታስነኩት፣ ሳሙና አታስነኩት፣ ቫርኒሽ አትቀቡት፣ «ቀለሙን ላድስ» የሚል ሠዓሊ ቢመጣ በክብር አብልታችሁ ሸኙት። ጧፍ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ በአንድ ቦታ አብሩ። መጋረጃው ሥዕሉን የሚፈትገው ከሆነ አስረዝማችሁ ከግድግዳው አርቁት። የመብራት ሽቦም በእንጨቱ ላይ በምስማር አታስመቱ፤ እኛ ጋ የተቃጠለ ሽቦ አግኝተን ሰውነታችን ሁሉ ነው የቀዘቀዘው። የሌሊት ወፍ እንዳይገባ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ዝጉ እንጂ በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ቤቱ መተንፈስ አለበት።

በ2012 አለቀ። ኮሮና ስለነበር ምረቃው ያሰብነውን ያህል ሰው አልተገኘበትም። ታቦቱ ከመቃኞ ወደ መንበሩ ሲመለስ በርቀት የቆሙት እማሆይ መሬት ሳሙ። የሰጪዎችን ስም በእብነ በረድ እናስቀርጽ የሚል ሐሳብ ነበር፣ ግድግዳ ላይ ምንም ምስማር አይመታም ብለን ተውነው። ስማቸው በደብተር ተጽፎ እቃ ቤት ተቀመጠ።

ያ ደብተር ከሠራነው ነገር ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው። ውስጡ ስም ብቻ አይደለም ያለው። አፈሩ ከየትኛው ጉድባ እንደመጣ፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደከረመ፣ የትኛው ቋሚ መቼ እንደተቀጠለ፣ ሲሚንቶ የት እንደነበረና ለምን እንደወደቀ፣ ጥፋታችን ሳይቀር ተጽፏል። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ሀገረ ስብከት፣ አንዱ ደብሩ ጋ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ወጣቶቹ ጣሪያ ይወጣሉ፣ ቦዩን ይጠርጋሉ፣ የተሰነጠቀ ልስን ይደፍናሉ፣ ያደረጉትንም ይጽፋሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ጠላና ቆሎ ይበቃዋል።

ባለፈው ስሄድ ቄሰ ገበዙ ደብተሩን አውጥተው አሳዩኝ። የመጨረሻዎቹ ገጾች በማላውቀው የእጅ ጽሕፈት ናቸው። «ሚያዝያ 14። የሰሜኑ ቦይ ተጠረገ። ጉልላት ሥር አንድ ምስማር ላልቷል፣ ተመታ። ከአባባ ጉድባ አዲስ አፈር ቀዳን፣ ጭቃው ረቡዕ ይረገጣል።»